ላልመጣው በሬ ሣር

በ1971 ዓ.ም. ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ዛሬ በባሕር ዳሩ ሹም አቦ ሰፈር ሳልፍ ጋሪ ሙሉ እርጥብ ሣር ሸተተኝና ያ ጊዜ መጣብኝ።

ቤታችን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ነበር። ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ሞተ። ባንድ በሬ አይታረስ፤ ካልታረሰ ደግሞ የምንበላው የለም። አያቴ ቄስ ነበሩ፤ እግዜር ሌላ በሬ እንዲልክልን ጸለዩና ለሚመጣው በሬ ግርግም ሠሩ፣ የቀንበሩን ጠፍር ቅቤ ቀቡ፣ እኔንም በየቀኑ ሣር አሳጨዱኝ።

“አባ፣ የሌለ በሬ ሣር ይበላል?” አልኋቸው።

“ሲመጣ ባዶ ግርግም አይቶ ይመለስ? ዝም ብለህ እጨድ!”

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ደሴ ባጥሩ በኩል ባለፉ ቁጥር ያሾፉብን ነበር።

“አባ፣ በሬው በሐሙሲት አውቶቡስ ነው ወይስ በታንኳ የሚመጣው?”

“በሬውን መላክ የእግዜር ነው፤ ሣሩ የኔ።”

አንድ ቀን ሲመሻሽ ጉማሬ ከሐይቁ ወጣና ያን ሁሉ ሣር ያግበሰብሰው ጀመር። የቀረው በሬያችን ጥጉን ይዞ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ሲያልፉ የነበሩት አያ ደሴ ካጥሩ ዳር ካለው ሾላ ላይ ወጥተው ጮኹ።

“አባ! በሬዎ በውሃ መጣልዎ! ይጥመዱታ!”

አያቴ መስቀላቸውን ይዘው ከበሩ ቆሙና አውሬውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

“ጌታዬ፣ ይህስ ቀንበር አይገባውም” አሉ ወደ ሰማይ ቀና ብለው።

ጉማሬው ጠግቦ ሲመለስ ማጭዴን ወረወርሁት።

“በቃኝ አባ! ለጉማሬ አላጭድም!”

“እሱ እንግዳ ነው። የበሬው ድርሻ እንደሆን ገና ነው። ነገ የሁለቱን በሬና የእንግዳውን፣ የሦስት አድርገህ እጨድ፤ እንግዳም ይለምዳል።”

በማግስቱ ጠዋት እያጉረመረምሁ ወርጄ ሦስት ሸክም አጨድሁ።