በሚካኤል ወይስ በዋዜማው

የአባቴን የሞት ምስክር ወረቀት ያወጣሁት ለፈተና ነው። ሌላው ሰው ለውርስ ወይም ለጡረታ ያወጣዋል። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ ለፈተና አወጣሁት።

አባቴ ያረፈው የመጀመሪያው ሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ሊጀመር ሲል ነበር። ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው ከመንደራችን መኪና መንገድ ዳር ወዳለችው ትንሽ ከተማ አወረዱት፤ እዚያ ባለው ጤና ጣቢያ አመሻሹ ላይ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ እናቴ እጁን እንደያዘች አረፈ። እኔ ከደብረ ታቦር ሲነጋጋ ተሳፍሬ፣ ቀሪውን መንገድ ወደ ጉና ግርጌ በእግሬ ወጥቼ ለቀብሩ ደረስኩ። ሰባቱ እስኪወጣ እናቴን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። ወደ ዩኒቨርሲቲው ስመለስ ጓደኞቼ ተፈትነው ጨርሰዋል፤ ከመኝታ ክፍላችን ግማሹ አልጋ ፍራሹ ተጠቅልሎ ባዶ ሆኗል።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ደግ ሴት ናት። ከወንበሯ ተነሥታ እጄን ያዘችና "ነፍስ ይማር" አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ "እኔ አምንሻለሁ፤ ሬጅስትራር ግን የሚያምነው ወረቀት ነው። እስከ ዓርብ የሞት ምስክር ወረቀት ካመጣሽ ድጋሚ ትፈተኛለሽ። ካላመጣሽ ዓመቱን ታቋርጫለሽ" አለች።

ከእኛ መንደር አንዲት ልጅ ዓመት አቋርጣ ስትመለስ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። በመጀመሪያ ለእናቷ ታግዛለች፣ ቀጥሎ የሚያጭ ሰው ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ "ድሮ ጎበዝ ነበረች" የሚባል ወሬ ይሆናል። አባቴ ይህን ስለሚያውቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዕለት ሻንጣዬን እስከ መኪናው ድረስ በትከሻው የወሰደው። ስለዚህ ወረቀቱን ማምጣት ነበረብኝ።

የሆነውን ለመረዳት ግን ስለ አባቴና ስለ ሚካኤል መናገር ያስፈልጋል። የደብራችን ታቦት ሚካኤል ነው። አባቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበር፤ ወር በገባ በዐሥራ ሁለት ጽዋው ከቤት ቤት ሲዞር አንድም ቀን አልቀረም። ዳቦውን ሲቆርስ እናቴን ያስቅ ይመስል፣ "ሚካኤል በቀኑ ከወሰደኝ እንዳታለቅሺ። ተጠርቶ ድግስ የሄደ ሰው አይለቀስለትም" ይላታል። ሁሉም ሰው ይስቃል፤ እናቴ ግን ስቃ አታውቅም። አንድ ቀን "እሺ፣ አላለቅስም" አለችው፤ ቃል ሆነ።

የተቀበረው በሚካኤል ዕለት ነው። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሳይበተን አስከሬኑ ደረሰ። ካህኑም በፍትሐቱ መጨረሻ፣ "ወንድማችን የሚወደው መልአክ በበዓሉ ቀን ወሰደው" ብለው ተናገሩ። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ በሚካኤል ሞተ አለ። እናቴ በቀብሩም፣ በሰልስቱም፣ በሰባቱም አላለቀሰችም። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ የአባቴን ጋቢ አንሥታ ስታሳይ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ፣ እናቴ ከንፈሯን ገጥማ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

"ድንጋይ ዋጠች እንዴ?" አለች አንዷ ከኋላዬ።

"ቀድሞም ዓይነ ደረቅ ናት" አለቻት ሌላዋ።

ዞር ብዬ አላየኋቸውም። እናቴ ሰምታለች፤ ከአንገቷ አስተዋልኩት።

ለወረቀቱ መጀመሪያ የሄድኩት አባቴ ባረፈባት ትንሽ ከተማ ውስጥ ወዳለው ቀበሌ፣ ወሳኝ ኩነት የሚመዘገብበት ክፍል ነው። በረንዳው ላይ ወረፋ ነበር። ከፊቴ የልጅ ልጃቸውን ልደት ሊያስመዘግቡ የመጡ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ቆመዋል።

"አንቺስ ለልደት ነው ለጋብቻ?" አሉኝ።

"ለሞት ነው፣ አባባ።"

"ነፍስ ይማር፣ የኔ ልጅ።" ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ "ለመምጣትም ወረፋ፣ ለመሄድም ወረፋ። ደግነቱ ሞት ራሱ ወረፋ አይጠብቅም" አሉ። ከኋላችን ያሉት ሳቁ። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

መዝጋቢው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። ያረፈበት ጤና ጣቢያ ማስረጃ፣ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ፣ የአባቴ መታወቂያም ለቀበሌው ተመላሽ እንደሚሆን በዝግታ ነገረኝ። ሁሉንም እጄ ላይ ጻፍኩ። "እጅሽን እንዳትታጠቢ" አለኝ።

ጤና ጣቢያው ማስረጃውን በዚያው ቀን ሰጠኝ። ደብዳቤውን ለማግኘት ወደ መንደር ወጣሁ፤ የደብሩ አስተዳዳሪ የአባቴም የንስሐ አባት ናቸው፤ ራሳቸው ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። በማግስቱ ሁለቱን ወረቀቶች እንዳይታጠፉ ፕላስቲክ ክላሰር ውስጥ አድርጌ ስወርድ፣ የቤት ሥራዋን ጨርሳ ወደ አስተማሪ እንደምትሄድ ልጅ ደስ ብሎኝ ነበር። አንዱን ከአንዱ አላመሳከርኩም።

መዝጋቢው አመሳከረ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ እንደገና የመጀመሪያውን አየ።

"አባትሽ ስንቴ ነው የሞቱት?" አለኝ።

ፊቴን ሲያይ ደነገጠና፣ "ይቅርታ፣ እህቴ። ልማድ ሆኖብኝ ነው" አለ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ወደ እኔ አዞራቸው። ጤና ጣቢያው በዐሥራ አንድ ይላል። ቤተ ክርስቲያኑ በዐሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ይላል።

"አመሻሹ ላይ ስለሆነ ነው" አልኩት። "ማታው ለቤተ ክርስቲያን የነገው ነው።"

"አውቃለሁ፤ እኔም ዲያቆን ነበርኩ። ፀሐይ ከገባች የሚካኤል ነው። ይህ መዝገብ ግን ዋዜማ የሚባል አያውቅም። ማታው የዋለው ቀን ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ወይ አንዱ ያስተካክል፣ ወይ አጠገባቸው የነበረ ሰው መጥቶ ቀኑን አረጋግጦ ይፈርም።"

ጤና ጣቢያው የሚያስተካክለው ነገር እንደሌለ ግልጽ ነበር። ወደ ንስሐ አባታችን ተመለስኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ነገሩን አስረዳሁ።

"ፀሐይ ከገባች በኋላ ቀኑ የማን ነው?" አሉኝ።

"የሚካኤል ነው፣ አባ።"

"ታዲያ ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ቀን መቁጠር ልትረሺ ነው?"

"አልረሳሁም፣ አባ። ቀበሌው ነው።"

"ቀበሌው በኔ ቅዳሴ ገብቶ አያውቅም፤ እኔም በሱ መዝገብ አልገባም። በማኅተም የጻፍኩትን አልፍቅም፣ ልጄ፤ እውነት ነዋ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እናትሽ አጠገቡ ነበረች። ያየችውን ትናገር። በዓይን ያዩትን መናገር ኃጢአት የለበትም።"

ኃጢአት እንዳልሆነ እኔም አውቅ ነበር። የፈራሁት እናቴ ለአባቴ የሰጠችውን ቃል ነው።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ለዘር የሚሆን ድንች ትለይ ነበር። ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና እኔም መለየት ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቼ ነገርኳት።

"እነሱ መቼ ሞተ ነው የሚሉት?" አለችኝ።

"በዋዜማው ነው የሚሉት፣ እምዬ።"

"ፀሐይ ገብታ ነበር። ነርሷ መብራት ስታበራ አይቻለሁ።"

"አዎ።"

"ዋዜማው የሱ አይደለም እንዴ?"

"በቤተ ክርስቲያን የሱ ነው።"

"በመንግሥትስ?"

መልሴን ሳትጠብቅ አንዲት ድንች አንሥታ ዐፈሩን በአውራ ጣቷ ጠራረገችው፤ ጠርጋ ከጨረሰች በኋላም አላቆመችም።

"ይቅር፣ እምዬ" አልኳት። "ለከርሞ እፈተናለሁ። ዓመት ምን አላት?"

"ለከርሞ እዚህ ተቀምጠሽ ድንች ነው የምትለዪው" አለች። "እሱ ሻንጣሽን የተሸከመው ለዚህ ነው?" ተነሥታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። የአባቴ መታወቂያ መቀነቷ ውስጥ ነበር፤ አውጥታ ሰጠችኝ። በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። ከዚያ በስተቀር የአባቴ ፎቶ የለንም። ጠርዙ ተበልቷል፤ ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ ግን ይታያል። ካሜራውን እንደ ሰው ቆጥሮ ፈገግ ያለለት ይመስላል።

ወደ ከተማዋ ስንወርድ የሚያገኙን ሰዎች ሁሉ "እግዜር ያጽናሽ" ይሏታል፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች። አባቴ በቃሬዛ የወረደበት መንገድ ያው ነው። አንድ ቁልቁለት ላይ ቆም ብላ፣ "እዚህ ጋ ውኃ ጠይቆኝ ነበር" አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበር። ልደት ሊያስመዘግቡ የመጡት ሽማግሌም እንደገና መጥተዋል፤ የሆነ ነገር ጎድሎባቸው ይሆናል። የእናቴን ጥቁር ልብስ ሲያዩ ቦታቸውን ለቀቁልን። ማንም አልቀለደም።

መዝጋቢው ከመቀመጫው ተነሣ። "ነፍስ ይማር፣ እናቴ። ይቀመጡ።"

"ያኑርህ፣ ልጄ።"

የሚፈረመውን አነበበላት። ባለቤቷ በጤና ጣቢያው፣ በወሩ በዐሥራ አንድ፣ ምሽት ላይ ማረፉን አጠገቡ ሆና ማየቷን የሚናገር ነው። እናቴ አቋረጠችው።

"ዐሥራ አንድ የማን ነው?"

ወጣቱ ወደ እኔ አየ። "የሐና ነው፣ እናቴ" አላት።

"ሐናም ደግ ናት" አለች እናቴ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። "እሱ ግን እሷን ዘክሮ አያውቅም።"

ወጣቱ ብዕሩን አስቀመጠ። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ያደርግላት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱን ወረቀቶች እንደገና አገላብጦ አየና መለሳቸው። "በቤተ ክርስቲያን ያለው እንዳለ ነው፣ እናቴ። ማንም አይነካብዎትም።"

"አይ፣ ልጄ" አለች። "እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አልምልም። አጠገቡ ነበርኩ፤ ያኔ ገና ዐሥራ አንድ ነበር ካልኩ፣ ነበር ማለት ነው።"

አውራ ጣቷን ዘረጋች። መዝጋቢው ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጎ ወረቀቱ ላይ አሳረፈላት። ድንች የጠረገችበት ጣት ነው፤ ቀለሙ በስንጥቆቹ ውስጥ ገባ። መጥረጊያ ጨርቅ ሲሰጣት አልተቀበለችውም። መታወቂያውን ከእጄ ወስዳ አየችው፤ ከዚያ ለመዝጋቢው ሰጠችውና ወጣች።

በረንዳው ጫፍ ላይ ስትደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ቀለም የነካውን ጣቷን ብቻ ታይ ነበር። ከዚያ፣ "እንግዲህ ከቃሌ ተፈትቻለሁ" አለች፤ ለማን እንዳለችው አላውቅም። "ሳትጠራ ነው የሄድክብኝ" ብላ ጮኸች።

እናቴ እንዲያ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም። እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ ቆምኩ። በእኛ አገር ግን ሰው ብቻውን አያለቅስም። ከወረፋው አንዲት ሴት ዘንቢሏን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች። ሌላዋ ተከተለች። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። አንዷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ "የሞቱት ምን ሰው ነበሩ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ገበሬ ነበር" አልኳት። "ማኅበርተኛ። ሰው ሁሉ ሲስቅለት ደስ የሚለው።"

ሴቲቱ ያልኳትን እየተቀበለች ሙሾ አወረደች። አባቴን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ቀበሌው ደጃፍ ላይ አለቀሱለት። መንደራችን የጠበቀው የእናቴ ለቅሶ እዚያ ሆነ። ያን ቀን እኔም ከልቤ አለቀስኩ፤ በቀብሩ ላይ ያለቀስኩት ሰው ስላለቀሰ ነበር።

መዝጋቢው ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ይዞ ወጣ። መካከላችን መግባት ከብዶት፣ ለቅሶው እስኪበርድ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ዓርብ ጠዋት ደብረ ታቦር ነበርኩ። ወረቀቱን ከክላሰሩ አውጥቼ ለኃላፊዋ አቀረብኩ። ማኅተሙን አየች፣ የእኔን ስም ከአባቴ ስም ጋር አስተያየች፣ ፋይሉ ውስጥ ከተተችው።

"ጎበዝ፣ ደረስሽ" አለችኝ። "ሰኞ ትፈተኛለሽ።"

አመሰገንኳት። ቀኑ የተጻፈበትን መስመር አላነበበችውም።