ፓኒኒን ሐበሻ ያደረገው ሰው

ጢሞቴዎስ ከእንጦጦ ማርያም በታች ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት አሥራ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምሯል። ተማሪዎቹ ግስና ቅጽል ሳይለዩ ይወጣሉ። እሱ ግን «የቋንቋ ሊቅ» ሲሉት ደረቱን ይነፋል።

ሊቅነቱን ያገኘው ስልኩ ላይ ነው። አምና፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ስለኖረው፣ የጥንቱ የህንድ ቋንቋ የሳንስክሪት ሰዋስው ሊቅ ስለ ፓኒኒ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ አየ። በሳምንቱ «ፓኒኒ የተማረው ከእኛ ሊቃውንት ነው» ማለት ጀመረ፤ ታክሲ ውስጥ፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ማስረጃ ለጠየቀው «ፈረንጆች ደብቀውታል» ነው መልሱ።

በወላጆች ቀን አዳራሽ ሞልቶ ለተቀመጠ ሰው ይህንኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈፈ። ሲጨርስ ጡረታ የወጡት መምህርት እትዬ ኢየሩ እጃቸውን አነሱ። ልጅ ሳሉ አንድ ህንዳዊ መምህር ስለ ፓኒኒ አጫውተዋቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያገኙትን ሁሉ ሲያነቡ ኖረዋል።

«ጢሞቴዎስ፣ ከሕጎቹ አንዱን ብቻ ንገረን።»

«እ... ማለቴ፣ እትዬ፣ ጥልቅ ናቸው እኮ። በአንድ ቀን አይነገሩም።»

«ወደ አራት ሺህ ይጠጋሉ። አንዱ እንዴት ይጠፋሃል?»

እሳቸው ተነሥተው ሰሌዳው ላይ «ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት» ብለው ጻፉ።

«እነዚህ ሁሉ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የሳንስክሪትም ቃላት እንዲሁ። ፓኒኒ የትኛው ሥር የትኛውን ቅጥያ እንደሚወስድ፣ ድምፁም የት ላይ እንደሚለወጥ፣ በቃል በሚያዙ አጫጭር ሕጎች ደነገገ። ከእሱ በፊት የነበሩ መምህራንንም በስም ጠቅሷል። ከመካከላቸው ከጉለሌ የሄደ አላየሁም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጢሞቴዎስ ላቡን ጠረገና «ስም ቀይረው ይሆናል» አለ። ርእሰ መምህሩ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ አስቀድሞ የታተመውን የምስጋና ሰርተፍኬት ሰጠው። እሱም በማግስቱ «ክርክሩን ረታሁ» ብሎ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ሦስት መቶ ሰው ወደደለት።

እትዬ ኢየሩን ወደ ቤት የሸኘኋቸው ጎረቤታቸው እኔ ነበርኩ።

«ፓኒኒ ዕድሜውን ከሰጠለት ሥራ ጢሞቴዎስ አንድ መስመር አላነበበም» አሉኝ። «ዝምድናውን ግን ይፈልጋል!»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ሰዋስው ያስተምራሉ። አምስት ተማሪዎች አሏቸው፤ ሁለቱ ከጢሞቴዎስ ክፍል የመጡ ናቸው።