ለእንዳለች ማን ይንገራት

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሞት ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለቄስ አይደለም፤ ለእንዳለች ነው። ቄሱ የሚፈለጉት ለሟቹ ነው። እንዳለች ደግሞ የምትፈለገው ገና ላልሰማው ሰው። መርዶ ትነግራለች። ደመወዝ የለውም፣ ሹመትም አይደለም፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰንጋ ተራ እስከ ልደታ ማርያም እናት፣ ባል ወይም ወንድም የሞተበት ሰው ሁሉ በዚያች ጠዋት መጀመሪያ ያየው የእሷን ፊት ነው። እንደው ስኳር ልትበደር እንኳ በማለዳ በር ብታንኳኳ፣ የቤቱ ሰው ገና ሲያያት "ማን ሞተ?" ብሎ ይጮሃል። ይህን ስታወራ ራሷም ትስቃለች።

ሙያ ነውና ደንብ አለው። መርዶ የሚነገረው ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ። ጥቁር ለብሶ አይኬድም፤ ገና ከደረጃው ያስነቃል። ጉልበት ያላቸው ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ይቀመጣሉ፤ ሐዘንተኛዋ ፊቷን እንዳትቧጭር እጇን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ውሃ ይያዛል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እንዳለች የተመሰገነችበት ነገር ማቆየት ነው። ልጇን ልትድር ሽር ጉድ የምትል እናት፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ፣ የአስራ አምስት ቀን አራስ፣ ለእነዚህ ሁሉ መርዶው ይቆይላቸዋል። "ሟች አይቸኩልም፤ ሰርግ ግን አዳራሽ ተከራይቷል" ትላለች። ሰፈሩ አባባሏን ወደደውና የራሱ አደረገው፤ የእድሩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ የአባቶች ተረት እየመሰላቸው ይጠቅሱታል።

ዕድሜዋ አርባ ዘጠኝ ነው። ባሏ ዘነበ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ ፊልድ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ብዙ አይናገርም። አንዲት ልጃቸው ቤርሳቤህ ከተዳረች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ለዚያ ሰርግ እንዳለች ዓመት ሙሉ ወጥታ ወርዳለች፤ በዕለቱም ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ጨፍራለች። ሰው ሁሉ ሲያያት "ይገባታል" ይል ነበር። አንዳንዶቹ ደግሞ አይተዋት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ እሷ ግን በደስታ ብዛት ይህን ልብ አላለችም።

ሐሙስ ጠዋት ለሰርጉ የተዋሰችውን ድስት ስታጥብ ስልኳ ጮኸ። ፍሰሐ ነበር፤ የእድሩ አዲሱ ጸሐፊ። ከሌላ ሰፈር የመጣ ታታሪ ሰው ነው፤ ሥራውን ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው። አሮጌው ጸሐፊ ሲያስረክበው "ለመርዶ" የሚል ስም ጽፎ የእንዳለችን ቁጥር ሰጥቶታል።

"እትዬ እንዳለች፣ እንደምን አደሩ? ቅዳሜ መርዶ አለብን።"

"እግዜር ያጥናቸው። የት ነው?"

"ብሎክ አስራ አንድ ነው።"

"ውይ የኔው ብሎክ! ማን ሞቶበት?"

"እናት ናቸው የሞቱት፤ አገር ቤት፣ ከወልቂጤ ወዲያ። ከተቀበሩ ዛሬ ሃያ ሁለት ቀናቸው። ሴትየዋ ልጅ ልትድር ስለነበር ቤተሰቡ አቆይቶት ነው።"

"ጥሩ አድርገዋል" አለች እንዳለች፣ አረፋውን ከእጇ እየጠረገች። "ለመሆኑ የማን ቤት ነው?"

"መዝገቡ ላይ አቶ ዘነበ ይላል። ሐዘንተኛዋ ባለቤታቸው ናቸው። የሴትየዋ ስም አልተጻፈም፤ 'ባለቤት' ብቻ ነው የሚለው። ያውቋቸዋል እንዴ?"

እንዳለች የያዘችውን ድስት ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"አውቃታለሁ" አለች።

"እንግዲያው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከታች በር ላይ እንገናኝ። አደራዎን፣ እርስዎ ከሌሉ አይሆንልንም።"

ስልኩ ተዘጋ። እንዳለች የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች። የሚያስለቅስ ነገር ሰምታ ማልቀስ አቃታት። የመጣላት እንባ ሳይሆን ጫማ ነው። ከሰርጉ በፊት ረቡዕ ዘነበ "ሐዋሳ ፊልድ አለብኝ" ብሎ ሄዶ ማምሻውን ሲመለስ ጫማው በቀይ ጭቃ ተለውሶ ነበር። "ሐዋሳ ዘንቧል እንዴ?" አለችው። "አዎ" አላት። ያንን ጭቃ በቢላ ጀርባ ፍቃ፣ በጨርቅ ወልውላ፣ ቀለም ቀብታ ለሰርጉ ያዘጋጀችለት ራሷ ናት። የእናቷን መቃብር አፈር በገዛ እጇ ጠርጋ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ደፍታዋለች።

ወንድሟም ትዝ አላት። በዚያው ረቡዕ ማግስት ቆጮና ቅቤ ተሸክሞ ከአገር ቤት መጣ፤ "እማዬ ናት የላከችው፣ ለሙሽሪት ጸጉር" አለ። በሰርጉ ቀን ደግሞ ኮፍያ አድርጎ ዋለ፤ ለፎቶ እንኳ አላወልቅም አለ። "ራሰ በራ ሆነህ ነው?" ብላ ሰው ፊት ቀልዳበታለች። ለእናቱ ሐዘን የተላጨ ጸጉር ነበር። ሰዎቹ ያዞሩት ፊት፣ በየቀኑ የሚበላሸው የአገር ቤት ኔትወርክ፣ ዘነበ "ላሠራልሽ" ብሎ ሁለት ቀን የወሰደባት ስልክ፣ ሁሉም እሷ ራሷ ለሌላው ሰው ስትመክረው የኖረችው ዘዴ ነው። አንድ በአንድ ታውቀዋለች፤ አንዱንም አላየችውም።

የሚያንገበግባት የእናቷ መሞት አልነበረም፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ሞት አይቀርም። የሚያንገበግባት ቅዳሜ ጠዋት እነዚያ ሰዎች ገብተው ሲነግሯት፣ እንዳልሰማች ሆና፣ ለእነሱ በሚመች ሰዓት፣ እነሱ እጇን ይዘውላት ልታለቅስ መሆኑ ነው። እናቷን የራሷ አድርጋ ማልቀስ ፈለገች፤ ያም የሚሆነው ከቅዳሜ በፊት አንድ ሰው እውነቱን ከነገራት ብቻ ነው። አንድ ሰው። ከቤቷ ሰው አንዱ ቢነግራት ሁሉንም ይቅር ልትል ለራሷ ቃል ገባች።

ከሰዓት በኋላ ቤርሳቤህ መጣች፤ የሙሽራ ሽቶ ሸትታ፣ እጇ ላይ ሂናው ገና ሳይለቅ።

"እማ፣ ምነው ጠቆርሽ?"

"አያትሽ ናፈቀችኝ። እስቲ ባንቺ ስልክ ሞክሪልኝ።"

ቤርሳቤህ ስልኳን አወጣች፣ ነካካች፣ ጆሮዋ ላይ አደረገች። እንዳለች ከጎኗ ናት፤ የጥሪ ድምፅ አልሰማችም። ልጅቷ ጨርሶ አልደወለችም።

"አይሰራም እማ። አያቴ ደህና ናት፣ አታስቢ።" ይህን ስትል ዓይኗን ጥፍሯ ላይ ተክላ ነበር።

እንዳለች ሻይ ቀዳችላት። ምን ትበል? የወለደቻትና ያጠባቻት ልጅ፣ ቬሏን ራሷ ያስተካከለችላት፣ ያን ቀን ታውቅ ነበር። እናቷ በባዶ እግሯ ስትጨፍር አይታ አጨብጭባለች።

ማታ ራት ላይ ደግሞ ዘነበን ያዘችው። "ሰኞ ለታ እማዬን ሄጄ ልያት ብያለሁ።"

ጉርሻው አፉ ውስጥ ቆመ። "ከቅዳሜ ወዲያ እንነጋገርበታ።"

"ቅዳሜ ምን አለ?"

"ምንም የለም። እንዲሁ ነው።"

"ዘነበ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?"

ውሃ ጠጣ፤ ብርጭቆውን እስከ ሥሩ ጠጣው። "ምን ይኖራል? ብዪ፣ ራትሽን ብዪ።"

ሃያ ስድስት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ ነው ይበልጥ የከፋት። ቢጠላት ኖሮ ትጣላው ነበር። ስለወደዳት ነው የዋሻት፤ ከዚህም ጋር እንዴት እንደሚጣሉ ማንም አላስተማራትም።

አርብ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ተክለ ሃይማኖት ወጣች። እዚያ ፀሐይቱ የምትባል ሴት የመጋረጃ ጨርቅ ትሸጣለች። ሁለቱ በአሮጌው ልደታ፣ ቤቱ ሳይፈርስ በፊት፣ አጥር ለአጥር ሆነው በአንድ ቧንቧ ውሃ ሲቀዱ ኖረዋል። ከስምንት ዓመት በፊት ግን የፀሐይቱ ወንድም ድሬዳዋ ሞተ፤ ፀሐይቱም ልጇን ልትድር ነበር። እንዳለች "ይቆይላት" አለች፤ ቆየላት። ፀሐይቱ በሰርጉ ቀን ስትጨፍር እንዳለች ፊት ለፊቷ ቆማ ጭብጨባውን ትመራ ነበር። መርዶው ሲነገራት ፀሐይቱ አላለቀሰችም። እንዳለችን ትክ ብላ አይታ "አንቺ ታጨበጭቢ ነበር" አለቻት፤ ከዚያ ወዲህ ከእግዜር ሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጡም። እንዳለችም "ውለታ ቢስ!" እያለች ስምንት ዓመት ስታማት ኖራለች።

ፀሐይቱ ገና ስታያት ሜትሩን ከእጇ አስቀመጠች። "ማን ሞተ?" አላለችም።

"ፀሐይቱ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የመጣሁት" አለች እንዳለች፣ ደጁ ላይ እንደቆመች። "ንገሪኝ።"

"ታውቂ የለም እንዴ?"

"አውቃለሁ። ማንም ግን አልነገረኝም።"

 ፀሐይቱ ተነሥታ የሱቁን በር ግማሽ ዘጋች፤ እንዳለችን የጨርቅ ጥቅል ላይ አስቀምጣ እሷም ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"እኔም ሰምቼ ነበር። ሁለት ሳምንት አለፈኝ። አንድ ቀን ልነግርሽ ተነሥቼ እስከ በራችሁ መጥቻለሁ፤ ተመለስኩ።"

"ለምን?"

"አልዋሽሽም። ትቅመሰው ብዬ ነው።"

እንዳለች ራሷን ነቀነቀች። በሳምንቱ ውስጥ የሰማችው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር፤ መራራነቱ እንኳ ደስ አላት።

"እናትሽ ሞታለች፣ እንዳለች" አለች ፀሐይቱ። ዙሪያ ጥምጥም የለ፣ "ትንሽ አሟት ነበር" የለ። "ማክሰኞ ሞተች፣ ረቡዕ ተቀበረች። አንቺ ሳትኖሪ ቀበሯት።"

ያኔ ወጣላት። ሃያ ሦስት ቀን የታፈነው፣ ጭፈራውም ጭቃውም ኮፍያውም፣ ሁሉም አንድ ላይ ወጣ። "እማዬ!" ብላ ስትጮህ መንገደኛው ቆሞ ሰማ። እጇን ወደ ፊቷ ስትሰድ ፀሐይቱ እንድትይዛት ጠበቀች፤ ፀሐይቱ ግን አልያዘቻትም።

"የኔን እጅ ይዛችሁት ነበር" አለች ፀሐይቱ፣ እሷም እያለቀሰች። "እኔ አልይዝሽም። እንደፈለግሽ አልቅሺ።"

ፊቷን አልቧጨረችም። ነጻ ሲተዉት እጅ ራሱ ደረት ላይ ይወርዳል። ደረቷን እየደቃች፣ እናቷን በስማቸው እየጠራች፣ እስኪደክማት አለቀሰች። ሲያበቃላት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ "ይቅር በዪኝ" አለች። "ያን ቀን እያጨበጨብኩ ውለታ የዋልኩልሽ መስሎኝ ነበር።"

"ይቅር የሚባለው ነገ ነው" አለች ፀሐይቱ። "ነገ መቃብሯ ላይ አብረን ስንቆም።"

ቅዳሜ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ሴቶች ከአውቶቡስ ተራ የወልቂጤን አውቶቡስ ተሳፈሩ። እንዳለች ያለ ባል፣ ያለ ወንድም፣ ያለ ሰርግና ያለ ክርስትና መንገድ ስትወጣ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። የለበሰችው ጥቁር ነው፤ የሚነቃባት ሰው የለም። የመስኮቱን ጥግ ራሷ መረጠች።

ሰበታ ሲደርሱ ስልኳ ጮኸ።

"እትዬ እንዳለች" አለ ፍሰሐ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ድንኳኑም ደርሷል። ሐዘንተኛዋን ቤት ውስጥ አጣናት፤ ባለቤታቸውም ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። እርስዎን ነው የምንጠብቀው፣ ምን እናድርግ?"

"ስልኩን ለአቶ ዘነበ ስጠው" አለች።

ትንሽ ኮሽኮሽታ ተሰማ። ከዚያ የዘነበ ድምፅ መጣ፤ ስሟን ገና ሲጠራት ነገሩ ሁሉ እንደገባው ታወቃት። "እንዳልዬ... የት ነሽ? እኛ እኮ ላንቺ ብለን ነው። ሟች አይቸኩልም የምትዪው አንቺው ነሽ እኮ።"

የገዛ አባባሏን ሰማችው። ሃያ ዓመት ስትናገረው ምንኛ ያምርባት ነበር! 

"እውነትህን ነው፣ ሟች አይቸኩልም" አለች እንዳለች። "ልጇ ግን ደርሳ ትቀብራት ነበር።"

 ከዘነበ ጀርባ የቤርሳቤህ ለቅሶ ይሰማል፤ "እማ፣ እማ" ትላለች።

"ለልጅህ ውሃ ስጣት" አለችው። "ፍሰሐንም መዝገቡ ላይ ስሜን ይጻፍልኝ በለው። እንዳለች ነው፤ 'ባለቤት' አይደለም። መርዶ የሚነግር ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ እኔ እናቴ ሞታብኝ ለቅሶ ላይ ነኝ።"

ስልኩን ዘግታ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። አውቶቡሱ ወደ ቱሉ ቦሎ ሲያመራ ማታ ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ዳር ያለው አፈር እርጥብ ነበር። ከመቃብሩ ስትመለስ ጫማዋን እንዴት እንደምታጸዳው ስታስብ ቆየችና፣ ላታጸዳው ወሰነች።