በዝናብ ያልተዘረጋው ጃንጥላ

ሐምሌ ሰባት፣ በሥላሴ ዕለት፣ ከወረታ ወደ ጎንደር የሄድሁት የእናቴን ስለት ላደርስ ነው። ስለቱ ቀይ የከፋይ ጃንጥላ ነው፤ ዙሪያውን ቢጫ ዘርፍ አለው። ልጅ ሳለሁ ወባ ይዞኝ ሰው ሁሉ "አበቃላት" ሲል እናቴ ለጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተሳለችው። ዘንድሮ ገዛችው፤ ግን እግሯ ስላበጠ መንገዱን አልቻለችም።

"ከካህኑ በፊት ማንም እንዳይዘረጋው" አለችኝ በላስቲክ እየጠቀለለችው። "ደግሞ ሹልክ ብለሽ አስቀምጠሽ እንዳትመጭ። እኔ የተሳልሁት ጎረቤት እየሰማ ነው፤ አንችም ሰው እየሰማ ስጭ።"

የጨነቀኝ ይኸኛው ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስማር መምህሩ ስሜን ሲጠራ "አቤት" የምትልልኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

ከወረታ መገንጠያ ላይ በሠላሳ ብር ሚኒባስ ተሳፈርሁ። የፎገራ ሜዳ ውሃ መያዝ ጀምሯል፤ ርብን ስንሻገር ወንዙ ደፍርሶ ድልድዩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አዲስ ዘመንን፣ እንፍራንዝን፣ ማክሰኚትን አልፈን ሁለት ሰዓት ላይ ጎንደር ገባን። የአክስቴ ልጅ የሺ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። የሺ ጎንደር ተድራ የምትኖር፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

"ስለት የሚቀበሉት ከቅዳሴ በኋላ ነው። እስከዚያ የነገሥታቱን ግቢ ላሳይሽ" አለች። መዘግየቱን ወደድሁት።

ለሁለታችን አሥር ብር ከፍለን ገባን። በመስኮቱ ክንዴን ብዘረጋ የግንቡን ውፍረት አልጨረሰም። የአንበሶቹ ቤት ከእኛ በረት ይጠባል። ዘበኛው ሰገነቱን እያሳየን፣ "ነገሥታቱ እዚያ ሲወጡ ጣና ይታያቸው ነበር ይባላል" አለ። ወደ አገሬ በኩል ዞሬ ተመለከትሁ። የታየኝ ጥቁር ደመና ነው።

ከግቢው ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ዝናቡ ወረደብን። እንዳንጠለል ቅዳሴው ሊያልቅ ነው፤ ባጃጁ ሁሉ ሰው ሞልቶ ያልፈናል።

"ዘርጊው እንጂ!" አለች የሺ።

"አይዘረጋም።"

"ሥላሴ አይቀየሙሽም።"

"እናቴ ትቀየማለች።"

"ፎገሬ! እናንተ ውሃ ለምዳችኋል፤ እኔ ምን አደረግሁ?"

ነጠላዬን አውልቄ በላስቲኩ ላይ ደረብሁት። አንድ ባለባጃጅ አንገቱን አውጥቶ፣ "እህቴ፣ ጃንጥላሽን ጉንፋን እንዳይዘው ነው?" ብሎኝ አለፈ። የሺ ከዚያ እስከ ሥላሴ ድረስ ስትስቅ ሄደች።

ሥላሴ

ቅጥሩ ላይ ክብ ክብ ግንቦች አሉበት። በር ላይ ስንደርስ ዝናቡ አባራ። አንድ አረጋዊ ካህን ከዛፍ ሥር ሆነው በድምፅ ማጉያ ስለት ይቀበላሉ። ተራዬ ሲደርስ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ።

"አንች ልጅ፣ ጃንጥላ ይዘሽ እንዲህ መበስበስ ምንድን ነው?"

ማጉያው አፋቸው ላይ ነበርና ግቢው በሙሉ ሳቀ። የሺ ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት እጇን ጨበጥ አደረግሁት።

"የእኔ አይደለም አባቴ፤ የሥላሴ ነው" አልሁ።

"አልተሰማም" ብለው ማጉያውን አስጠጉልኝ።

"የሥላሴ ነው! ከፎገራ ነው የመጣሁ። በወባ ልሞት ስል እናቴ ተስላ፣ ይኸው ቆሜአለሁ!"

ሳቁ እልልታ ሆነ። ካህኑ ላስቲኩን ፈትተው ጃንጥላውን ዘረጉት። አንዲት ጠብታ አልነካችውም።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑን ገብቼ ተሳለምሁ። ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፤ ሁሉም ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል ያያሉ። እኔም አንገቴን ሳልደፋ ቀና ብዬ አየኋቸው።

የሺ ቤት ምሳ በልተን፣ ይዤላት የሄድሁትን የሩዝ ዳቦ ሰጥቻት በስምንት ሰዓት ተሳፈርሁ። አመሻሽ ላይ ቤቴ ስደርስ እናቴ ከደጅ ተቀምጣ ነበር።

"ተናገርሽ?"

"ተናገርሁ።"

"ማን ሰማ?"

"ግቢው ሁሉ።"

ነጠላዬን ከትከሻዬ ወስዳ ጨመቀችው፤ አሁንም ውሃ ወጣው። ከዚያ ሳመችኝ።

የአንድ ቀን ጉዞ ብዙ አያስተምርም። የእኔ ድምፅም ከሰው እኩል እንደሚሰማ ግን አስተምሮኛል። ወዲያው ጎረቤቶች ጎንደር እንዴት እንደሆነ ሊጠይቁ መጡ። እናቴ እንደ ልማዷ በእኔ ፈንታ ልትመልስ ስትጀምር፣ "ቆይ እማዬ፣ የሄድሁት እኔ ነኝ" አልሁና ከግንቡ ጀመርሁላቸው።