አምስት ቁልፍ ለአንድ በር

ቁልፍ ቀራጩን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ ቁልፌ» ይላቸዋል። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚጠሩት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ሲቆጡ ብቻ ስለሚጠሩት፣ ጋሼ ቁልፌ ያን ስም ባይሰሙት ይመርጣሉ። ሱቃቸው ወርዷ ከአንድ በር አይበልጥም። ከወንበራቸው ሳይነሡ ሁሉም ነገር እጃቸው ላይ ነው፤ በግራ ያልተቀረጹ ቁልፎች በምስማር ተሰቅለዋል፣ በቀኝ መቅረጫ ማሽኑ፣ ከጉልበታቸው ሥር ደግሞ የሞረድ ሳጥን። ቀርጸው የጨረሱት ቁልፍ አንገት ላይ አንዲት ትንሽ ጭረት ያሳርፋሉ። «የኔ ልጅ መሆኑ ይታወቅ ብዬ ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንደበቱ ማር የሆነ ሰው መጣ።

«ጋሼ፣ ቁልፍ ጠፍቶብኝ ከገዛ ቤቴ ውጭ ቀረሁ» አላቸው።

አሳዘናቸው። መሣሪያቸውን ይዘው ተከተሉት፤ አረንጓዴ በር ያላትን ባለ ሁለት ክፍል ቤትም ከፈቱለት። ሰውየው ገብቶ መጋረጃውን ሲገልጥ፣ በጣቱ አቧራ ሲነካ፣ ላየው ሰው የቤቱ ጌታ ነበር።

«የጠፋው ቁልፍ በማን እጅ እንደገባ አይታወቅም። ሲሊንደሩን ይቀይሩልኝና አምስት ቁልፍ ይቅረጹልኝ» አለ።

አምስት መባሉ ትንሽ ከነከናቸው። «ቤተሰቡ ብዙ ይሆናል» ብለው ለራሳቸው መልስ ሰጡና ሠሩለት። ሲለያዩም መረቁት።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ልብስ ሰፊ ቁልፍ ይዛ ሱቃቸው በር ላይ ቆመች። ዓይኗ ደም ለብሷል።

«አባቴ፣ ይህን ማን እንደቀረጸው ማወቅ ይቻላል?»

ተቀብለው አገላበጡት። ጭረቷ አለች። «እኔ ነኝ ልጄ» አሉ።

ሴትየዋ አልጮኸችም። የደንበኛ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና የሆነውን ነገረቻቸው። ማስታወቂያውን ያየችው ስልኳ ላይ ነው። ኪራዩ ከአካባቢው ዋጋ በጣም ይረክሳል። ሰውየው ቤቱን አሳያት፤ «ሌሎች ሦስት ሰዎች እየጠበቁኝ ነው፣ ዛሬ ብሩን ከላክሽ ግን ላንቺ» አላት። ላከች፤ ቁልፍ ተቀበለች። ውል «ነገ እንፈራረማለን» ተባለ። በነጋታው የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና ስትደርስ፣ ሌሎች ሁለት ተከራዮች በየቁልፋቸው እዚያው በር ላይ ይጨቃጨቃሉ። ጫጫታውን ሰምታ የወጣችው ጎረቤት ናት ነገሩን የቋጨችው፤ «የቤቱ ባለቤት ሥራ ተቀይራ ሌላ ከተማ ናት። ቤቷንም ለማንም አላከራየችም» አለቻቸው።

«ታዲያ ጋሼ፣ ባለቤቱ መሆኑን በምን አወቁ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ ቁልፌ መሬት መሬት አዩ። «ሸሚዙ ተተኩሶ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ አመለጣት። «እኔንም እሱ ነው የሸወደኝ። ስፌቱ የተዋጣለት ነበር።»

ያን ዕለት ሱቃቸውን ዘግተው ፖሊስ ጣቢያ አብረዋት ሄዱ፤ ቃላቸውንም ሰጡ። የሰውየው ስልክ ተዘግቷል። ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው ሲያወሩ፣ ያ የማይወዱት ስም ተጠራ።

«የሰው በር ስትከፍት ይኸው ሠላሳ ዓመትህ» አሉ ባለቤታቸው። «አንድ ቀን ጎረቤት ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ጠይቀው አያውቁም ነበር። በማግስቱ ከተማው ውስጥ ያሉትን ቁልፍ ቀራጮች አንድ በአንድ እየዞሩ የሰውየውን መልክና አነጋገር ነገሩ። «ምስክር የሚሆን ጎረቤት ሳትጠሩ የማንንም በር አትክፈቱ» አሉ። አንዳንዱ «ጋሼ ሥራ ፈቱ» ብሎ ሳቀ። አንዳንዱ ሰማ።

ልብስ ሰፊዋ ዕቃዋን የአክስቷ ልጅ ቤት አስቀምጣ እንደገና ቤት መፈለግ ጀመረች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ብቻዋን ለማየት ፈራች። «እኔ አለሁ» አሉ ጋሼ ቁልፌ። የመጀመሪያውን ቤት የሚያሳየው ሰው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«የውሃው ቆጣሪ የት ነው?» ብለው ጠየቁት።

«እ... ከኋላ በኩል ይመስለኛል።»

«የጎረቤትህስ ስም?»

«አሁን ቀብድ የምትከፍሉ ከሆነ ክፈሉ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«እንግዲያው መታወቂያህንና የቤቱን ካርታ አምጣ፤ የሰው ከሆነ ደግሞ ውክልናህን። ከዚያ በምስክር እንፈራረማለን። ክፍያው ከዚያ በኋላ ነው።» ሰውየው ካርታውን ላምጣ ብሎ ሄደ፤ በሄደበት ቀረ።

ሁለተኛው የጡረተኛ መምህርት ቤት ነበር። ጋሼ ቁልፌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጥያቄ ሊጀምሩ ሲሉ መምህርቷ ቀደሟቸው።

«እርስዎ ማነዎት? አባቷ ነዎት? መታወቂያዎን ያሳዩኝ።»

መታወቂያው ሱቅ ቀርቷል። «ይሂዱና ያምጡ፤ እኔ የማላውቀውን ሰው ቤቴ አላስገባም» አሏቸው። ጋሼ ቁልፌ በዚያ ፀሐይ ደርሰው ሲመለሱ፣ መምህርቷ ካርታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ የውል ወረቀት ዘርግተው፣ ጎረቤታቸውንም ለምስክርነት ጠርተው ይጠብቃሉ። ጎረቤትየው በሹክሹክታ «ክፋት የለባቸውም፤ ብቻ እንደ ተማሪ ይቆጣሉ» አሏቸው። ልብስ ሰፊዋ ውሉን ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመች። ገንዘቡንም ከፍላ ደረሰኝ ተቀበለች።

ከሁለት ወር በኋላ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ምክራቸውን የሰማ አንድ ቁልፍ ቀራጭ ደወለላቸው። አንድ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው መጥቶ «ቁልፍ ጠፋብኝ» ብሎታል። «እሺ፣ ሻይ ጠጣና እንሄዳለን» ብሎ በወሬ ይዞት፣ በጎን ፖሊስ ጠርቷል። ስልኩ ሲፈተሽ የሰባት ቤት ፎቶ ተገኘበት። ልብስ ሰፊዋ ከከፈለችው ግማሽ ያህሉ ተመለሰላት። የቀረው ተበልቶ ነበር።

ዛሬ ዛሬ ጋሼ ቁልፌ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቃቸውን ዘግተው፣ ቤት ሊያይ የሚሄድ ሰው ካለ አብረው ይሄዳሉ። ዋጋ አይጠይቁም። ባለቤታቸው መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ አሁን ግን እሳቸውም ነጠላቸውን ጣል አድርገው ይከተላሉ። ጋሼ ቁልፌ በሩን ሲመረምሩ ባለቤታቸው ጎረቤት ቤት ገብተው ይቀመጣሉ። ሲወጡ የአከራዩን ስም፣ ዕድሜና ጠባይ፣ የበፊቱ ተከራይ ለምን እንደለቀቀ ሳይቀር ይዘው ነው።

«እኔ ያየሁት ቁልፉን ብቻ ነው» ይላሉ ጋሼ ቁልፌ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ።

«አውቃለሁ» ይላሉ ባለቤታቸው፣ ክንዳቸውን ደገፍ ብለው።