ስልኩ በማን ኪስ ነው?

ፍኖተ ሰላም መሬት ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ኮምፒውተር ዳንቴል ለብሶ ነበር። ከላዩም የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። የኃላፊው ጸሐፊ ዳንቴሉን እንደ ሙሽራ መሸፈኛ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝና መልሳ አለበሰችው።

"የኤሌክትሪክ ገመዱስ?" አልኳት።

"ንብረት ክፍል ነው ያለ።"

"ንብረት ክፍሉስ?"

"ደምበጫ፣ ሰርግ ሄዷል።"

ስለዚህ ጀማሪ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ የመጀመሪያ ቀን የሠራሁት አቧራ መጥረግ ነው። ወደ ማታ ኃላፊው አቶ ይበልጣል ብቅ አሉ። "እንዴት ነው አንጓች፣ ከኮምፒውተሩ ጋር ተላመዳችሁ?" አሉኝ። "እስካሁን አልተጣላንም" አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ሠርተናል። እኔ ከጀማሪ ባለሙያ እስከ ቡድን መሪ ደረስኩ። እሳቸውም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ አደጉ።

ብዙ ዓመት ሥራዬ ጥገና ነበር። ማተሚያ የነከሰውን ወረቀት ማውጣት፣ ከፍላሽ የገባ ቫይረስ ማጽዳት፣ የቀበሌ ሠራተኞችን ማሠልጠን። በአንዱ ሥልጠና የይለፍ ቃል ምስጢር መሆን አለበት ብዬ ግማሽ ቀን አስተማርኩ። በሳምንቱ ቀበሌዎቹን ስዞር አንዱ ሥራ አስኪያጅ የይለፍ ቃሉን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ከሥሩ "ምስጢር" ይላል። እንዳልኩት አድርጓል፣ ምን እለዋለሁ?

የመሬት አገልግሎቱን በኤሌክትሮኒክስ ለማድረግ ዕቅድ ያወጣነው ቡሬ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት አማካሪ መጥቶ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ብቻ ገበሬ ማለት አይሆንለትም፣ "ዩዘር" ነው የሚለው። "ዩዘሩ በአሁኑ ሰዓት የሚፈልገው ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀን።

ከኋላ አንድ የቀበሌ ሊቀ መንበር እጁን አወጣ። "በአሁኑ ሰዓትማ ዩዘሩ ጤፍ እያረመ ነው" አለ።

ዕቅዱ ግን ክፉ አልነበረም። የእርሻ መሬት ኪራይ ውል ለማስመዝገብ ገበሬው ከሩቅ በእግሩ እየመጣ ይመላለሳል። ኃላፊው የሉም፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ ነገ ይመለሱ ይባላል። በዕቅዱ ተከራዩ ወደ አገልግሎት መስኮታችን መጥቶ ያመለክታል፤ ለባለ ይዞታው በስልኩ መልእክት ይሄዳል። ከተስማማ አንድን፣ ካልተስማማ ሁለትን ይጫናል። አለቀ።

"ስልክ የሌለውስ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"የቅርብ ቤተሰብ ቁጥር ይሞላል" አለ አማካሪው። ያን ጊዜ ምሳ ደረሰ ተባለ። ሐሳቡ ከምሳው ጋር አብሮ ጸደቀ።

የመጀመሪያውን መስኮት የከፈትነው ጅጋ ነው፤ እዚያ የተመደብኩትም እኔ ነኝ። ሰዉ ቀድሞ ወረፋ የሚይዘው ድንጋይ በመደርደር ነበርና፣ ወረፋም በስልክ ይያዛል ብለን ማስታወቂያ ለጠፍን። ባለጉዳዮቹ በስልክም ያዙ፣ ድንጋዩንም ደረደሩ። አንዱን ሽማግሌ ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው "ድንጋይ ኔትዎርክ አይጠፋበትም፣ ልጄ" አሉኝ።

አንድ የገበያ ቀን ወይዘሮ አትጠገብ የምትባል ሴት መስኮቴ ላይ ቆመች። ባሏ ከሞተባት ቆይቷል፤ ያለቻት አንዲት ማሳ ናት። ማሳዋን በየዓመቱ ለፈለገችው ሰው በእኩል እየሰጠች፣ ምርቱን ተካፍላ ትኖራለች።

"እህቴ፣ አንድ ሰው ማሳዬ ላይ በሬ ጠምዷል" አለችኝ። "ምነው ብለው፣ ውል አለኝ አለ። ከማን ጋር ነው የተዋዋለው? እስቲ እዪልኝ።"

ከፍቼ አየሁ። ውል አለ። ማሳዋ ከዘንድሮ ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት ተከራይቷል። ከጎኑ "ባለ ይዞታዋ አረጋግጠዋል" የሚል አረንጓዴ ምልክት በርቷል።

"በስልክ ተስማምተዋል ይላል፣ እትዬ" አልኳት።

"ስልክ የለኝም እኮ።"

ቁጥሩን ተመለከትኩ። የባሏ ታላቅ ወንድም የአያ ላቃቸው ነው። በምዝገባው ጊዜ ስልክ የግድ ነው ስትባል የእሳቸውን ሰጥታለች። ተከራዩ ደግሞ የአያ ላቃቸው አማች ነው።

አትጠገብ ይህን ስነግራት አልጮኸችም። ነጠላዋን አጣፋችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። "ታዲያ አሁን እኔ ማን ነኝ?" አለችኝ።

ለአቶ ይበልጣል ደወልኩ። "ይህ ውል መሰረዝ አለበት" አልኳቸው።

"የትኛው? የጅጋው?" አሉ። "አንጓች፣ ያ እኮ ያለ ወረቀት የተጠናቀቀ የመጀመሪያው ውላችን ነው። ሪፖርት ገብቷል። ፎቶም ልከናል።"

"የማንን ፎቶ?"

"የኮምፒውተሩን።"

"ሴትዮዋ አልተስማሙም፣ አቶ ይበልጣል።"

"ሲስተሙ ተስማምተዋል ይላል።"

"ሲስተሙ ማሳውን አያርሰውም። ዘር ከተዘራበት ዓመቱ አለፈባቸው።"

አቶ ይበልጣል ሪፖርት ይወዳሉ እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም። "ፕሮግራሙን የሠራውን ልጅ ጠይቂው። እኔም እመጣለሁ" አሉኝ።

ልጁ ባሕር ዳር ነው ያለው። "ማረጋገጫ የተሰጠበት ውል አይሰረዝም" አለኝ። "መሰረዝ የተያዘው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው።"

"ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ ነው?"

"በጀት ሲፈቀድ።"

"በጀቱ እስኪፈቀድ ጤፉ ይታጨዳል።"

"መሰረዝ አይቻልም፤ በስምምነት ማፍረስ ግን ይቻላል። ሁለቱም ወገኖች በተመዘገበው ስልካቸው አንድን መጫን አለባቸው" አለኝ። የአትጠገብ የተመዘገበ ስልክ ደግሞ በአያ ላቃቸው ኪስ ነው። ሰውየውን መጥራት ግድ ሆነ።

በቀጣዩ ገበያ መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ደጅ ያለውን ሰው አንድ በአንድ ሰላም እያሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ፣ በሽምግልናም የሚጠሩ ሰው ናቸው። አቶ ይበልጣልም ከረቫታቸውን አስረው ደርሰዋል። አትጠገብ ከአግዳሚው ተነሥታ አያ ላቃቸውን እጅ ነሣች።

"አያ፣ ይህን ውል እርስዎ ነዎት ያረጋገጡት?" አልኳቸው።

"እኔ ነኝ" አሉ ሳይደብቁ። "ስልኩ ጮኸ። ለአትጠገብ ነው አለ። ስልክ የላት፣ እኔ ነኝ ስልኳ። ከተስማሙ አንድን ይጫኑ አለ፣ ተጫንኩ። መንግሥት አንድ በል ሲለኝ ሁለት ብዬ ልሟገት ኖሯል?"

ወረፋ የያዘው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቄ መጣና ዋጥኩት።

"ተከራዩ ግን አማችዎ ነው።"

"አማቼ ነው። ባዕድ ቢሆን ይሻላት ነበር? እሷ ብቻዋን ናት፤ ማሳዋ ዘመድ እጅ ቢገባ ምን ክፋት አለው?"

ሁላችንም ወደ አትጠገብ ዞርን። መሬት መሬቱን እያየች ቆማ ነበር። ቀና ሳትል፣ በቀስታ ተናገረች።

"አያ፣ ያለኝ አንድ ነው። እሱንም እርስዎ አሉት።"

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ቄስ ነበሩ፤ ጎንበስ ብለው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ሳቃቸውን ለመሸፈን። አቶ ይበልጣል አልገባቸውምና ወደ እኔ ተጠጉ። 'ያለኝ' ሁለት ፍቺ አለው፤ ያለችኝ አንዲት ማሳ ናት እያለች ነው፣ ስልኩ አንድ በዪ ያለውም እኔን ነበር እያለች ነው፤ አንድ ብለው ሁለቱንም ወሰዱብኝ ማለቷ ነው፣ ብዬ ሹክ አልኳቸው።

ለአያ ላቃቸው ፈቺ አላስፈለጋቸውም። ፊታቸው ላይ የነበረው ጨዋታ ጠፋ።

"ይበል" አሉ። ጥሩ ቅኔ ሲሰማ የሚባለውን ነው ያሉት። ቀጥለውም "አማቼ ግን ገምሶታል፣ በሬው ደክሟል" አሉ።

"ድካሙ አይቀርበትም" አለች አትጠገብ። "ዘንድሮን በእኩል ይረስ። ለከርሞ እኔ አውቃለሁ። ብቻ በእኩል የሰጠሁት እኔ መሆኔን ይወቅ።"

የውል ማፍረሻውን ማመልከቻ አስገባሁ። መልእክቱ እንዲመጣ ጠበቅን፤ አልመጣም። ኔትዎርክ የለም። ከቢሮው ወጥተን ወደ አስፋልቱ ሄድን። እዚያም የለም። የሽንኩርት ነጋዴዎቹ መሀል ገባን፣ ከዚያ ዳገቱን ተያያዝነው። አቶ ይበልጣል ከሁላችንም ቁመታቸው ስለሚበልጥ የአያ ላቃቸውን ስልክ ወደ ሰማይ አንሥተው ይዘዋል። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ቆሞ ያያቸዋል። ቄሱም ተራቸውን ትተው ተከትለውናል። አንዲት እህል ሻጭ "ምን ጠፍቷቸው ነው?" ስትል ሰማኋት። ቄሱም "አንዲት ቃል" አሏት።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ስልኩ ጮኸ። አቶ ይበልጣል ለአያ ላቃቸው ሰጧቸው። አያ ላቃቸው ተመለከቱትና ለአትጠገብ ዘረጉላት።

"እንኪ" አሉ። "ቃሉ ያንቺ ነው።"

በሁለት እጇ ተቀበለችው። "የትኛው ነው አንድ?" ብላ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። በአውራ ጣቷ ተጫነችው። የሚያመልጥ ይመስል ቶሎ አልለቀቀችውም። አማቻቸውም ከሰዓት በኋላ በራሱ ስልክ ተጫነ፤ ውሉ ፈረሰ።

እየወረድን ሳለ አቶ ይበልጣል ወደ ጎን ሳቡኝ። "አሁን ሪፖርቱን ምን ልበለው?" አሉ። ከልባቸው ተጨንቀዋል።

"ባለ ይዞታው ራሱ መስኮቱ ጋ ቀርቦ ሳይናገር ውል አይጸናም ይበሉ" አልኳቸው። "ቅጹም ስልክ የለኝም የሚል ምርጫ ይኑረው።"

"ታዲያ ዲጂታልነቱ የቱ ላይ ነው?"

ዳገቱን ወርደን እስክንጨርስ አሰቡበት። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ፊታቸው በራ። "በአካል የታገዘ ዲጂታል አገልግሎት" አሉ። በዚህ ስም ጻፉት። ልዩ ተሞክሮ ተብሎም ቡሬ ላይ እንዲያቀርቡት ተጋበዙ። አማካሪው ከፊት ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ያን ዕለት ግን "ዩዘር" ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ "አርሶ አደሯ" አለ።

ባሕር ዳር ያለው ልጅ ቅጹን ማስተካከል አልወደደም ነበር። ባዶ ቦታ ካለ ፕሮግራሙ ይታመማል አለ። ጅጋ አመጣሁትና መስኮቱ ላይ ከጎኔ አስቀመጥኩት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የሦስት ቤት ባለጉዳዮች ያንኑ አንድ ቁጥር ሲሰጡ አየ። ተነሥቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

አትጠገብ በከርሞው ማሳዋን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጠች። መስኮቴ ድረስ መጥታ፣ ከራሷ አፍ ተናግራ። አያ ላቃቸው ምስክር ሆነው አብረዋት ቀረቡ። ባለ ቁልፍ ስልክ ገዝታለች፤ በመሀረብ ጠቅልላ ጡቷ ሥር ነው የምታኖረው። ለማንም አታውሰውም።

እኔ ዛሬም በሥራ ላይ ነኝ። አዲስ ባለሙያ ሲመደብልኝ ይህን እነግረዋለሁ፦ ስልክ ቁጥር ስትመዘግብ ስልኩ በማን ኪስ እንደሚውል ጠይቅ። የራሱ ካልሆነ ባለጉዳዩን ጠርተህ ከአፉ ስማ። ፕሮግራሙ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።