የአቦሓጎ የራጅ ፊልም

ዛሬ አመሻሽ ሓወልቲ ሰፈር፣ አንድ ካፌ ሰገነት ላይ ተቀምጠን ጨረቃዋ እንደ ሸክላ ስትቀላ፣ ታላቅ እህቴ ለምለም አዲሱን ስልኳን ወደ ሰማይ አነሳች። ያን ጊዜም እጇን እንዲሁ አንስታ ነበር።

ልጆች ሳለን ነው። ጨረቃ ልትጋረድ ነው ሲባል ለምለም የአያታችንን የአቦሓጎን የራጅ ፊልም ለምና ወሰደች። በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ሰፈርተኛው በእንዲህ ያለ ፊልም ሲያይ ስላየች፣ ለጨረቃም የሚያስፈልግ መስሏታል። እኔ ግቢው መሀል ቆሜ በቅናት አለቀስኩ።

«ለምን ሁልጊዜ ለእሷ?»

አቦሓጎ አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። እጃቸው የሳሙና ሽታ ነበረው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ዓይን የምትጎዳው ፀሐይ ናት። ጨረቃን በባዶ ዓይንሽ እያት፣ ምንም አትሆኚም። ፀሐይዋ አሁን ከምድር ወዲያ ናት። እዚያ ላይ ያረፈው የኛው የምድር ጥላ ነው።»

ለምለም በፊልሙ ውስጥ ከጨለማ በቀር ምንም አላየችም። እኔም ጨረቃዋን አላየሁም፤ ዓይኔ ከፊልሙ አልተነቀለም።

«አየሻት? እንዴት ታምራለች!» አለችኝ ለምለም አሁን።

«አየኋት» አልኳት፣ ዓይኔን ከስልኳ ሳላነሳ።